የማን እግር ነበር

ሻርጃ፣ አል ናህዳ፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ፤
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ሸሚዝ የሚያስጨምቅ ወበቅ።
ሶሌታው ራቁቱን ነው፤ ንጣፉ ተነቅሎ
የሙጫው ጥርስ ብቻ ቀርቷል፣ እዚህም እዚያም በቅሎ።

ተንበርክኬ ወረቀት አነጥፋለሁ፣
በስድሳ በስድሳ ሳንቲ መስመር አሰምራለሁ፣
ከዚያ ያቺን ባለ አራት ጎማ ሣጥን
ሕፃን እንደሚጫወትባት መኪና እየገፋሁ
     ቀስ...
          ቀስ...
አርማታውን እጠይቃለሁ።

በቃል አይመልስም።
የላክሁት ሞገድ ብረት ሲነካ ዞሮ ይመጣል፣
ስክሪኑ ላይ ቅንድብ ይሆናል፤
አንድ ቅንድብ፣ አንድ ፌሮ፣
ሌላ ቅንድብ፣ ሌላ ፌሮ፤
ዓይን የሌለው ፊት፣
ከመገረም ብቻ የተሠራ፣ ከሥር ተቀብሮ።

እኅቴ ከሐርቡ ስትደውል ትጠይቀኛለች፦
«አሁንስ ሥራህ ምንድን ነው?»
«ሲሚንቶ ውስጥ ያለውን አያለሁ።»
«ጠንቋይ ሆንክ በለኛ!» ብላ ትስቃለች፤
«እንግዲያ የእኔንም ዕጣ እይልኝ» ትላለች።
እንዴት ብዬ ልንገራት?
የማየው ሠላሳ ሳንቲ ቢሆን ነው፣ ቢበዛ አርባ፤
ከዚያ ወዲያ ጭጋግ ነው።
ውሃ የጠጣ ወለል ከሆነ ደግሞ ያም የለም።

ሙሩጋን መሰርሰሪያውን ታቅፎ ቆሟል።
ባልዲው ሞልቷል።
ኢንጂነር ጋሳን ፕላኑን ዘርግቶ
ሰዓቱን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ሰዓቱን ያያል።
«ስምንት ኬብል ነው ያለው። እዚህ ጋ ባዶ ነው። ይበሳ!»

ፕላኑ ንጹሕ ነው፤ የተሣለው ቢሮ ውስጥ፣ በቀዝቃዛ አየር፤
መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ ደብተር።
ስምንተኛው ጅማት ግን ካሉት ቦታ የለም።
አንድ ስንዝር ያህል ወደ ግራ ሸሽቷል፣
ወደ ታችም ሰጥሟል፤
በላዩ ያሉት ፌሮዎች አብረውት ጎብጠዋል፣
በአንድ ጫማ ስፋት።

ደግሜ ገፋሁ። በቁም። በአግድም።
ያው ነው።

ሰው ነው።
ይህ ፎቅ ገና ሰማይ ሳለ
አንድ ሰው የፓምፑን ቱቦ በትከሻው አዘለ፤
ቱቦው ሲተፋ ተንገዳገደና እግሩን እዚህ ጣለ።
ቡትስ ነበር ወይስ ሸበጥ? ከላሆር? ከሲልሄት? ከእኛ?
ማንም አልጻፈው። ሊጡ ገጠመ፤ ደረቀ፤ ተኛ።
ፕላኑ የባለቤቱን ስም ያውቃል፣ የአማካሪውን ማኅተም፤
ይህን እግር ግን የሚያውቀው አርማታው ነው፣
     ከዛሬ ሌሊት ወዲህ ደግሞ እኔም።

«እዚህ አይበሳም» አልሁ።
ጋሳን ስለ ኤሲው ቱቦ አወራ፣
ስለ ቅጣቱ፣ ስለ ነገ ጠዋት፣ እንደገና ስለ ቅጣቱ።
ቀዩን ጠመኔ አወጣሁና
ጎባጣውን ጅማት እንዳለ ወለሉ ላይ ሣልሁት።
የተወጠረ ነው፣ እንደ በገና፤
የበገናው ቢበጠስ ደርዳሪው ይቀጥለዋል፣
ይህ ቢበጠስ ግን...
ሙሩጋን ምንም አልተናገረም፤
መሰርሰሪያውን ዝቅ አደረገና
እግሩን ወደ ኋላ ሳበ።

ቀዳዳው ሁለት ስንዝር ወደ ቀኝ ተዛወረ።
ጮኸ። ግራጫ ውሃ ፈሰሰ።
በመጨረሻ ዘነዘና የመሰለ ድንጋይ ወጣ፤
ጠጠር አለበት፣ አሸዋ አለበት፣ ብረት የለበትም።

ምንም አልሆነም።
የሥራዬ ፍሬ ይኸው ነው፣ ምንም።
ለምንም ደግሞ ማን ያመሰግናል?
ደረሰኙ ላይ «አንድ ቀዳዳ» ተብሎ ይጻፋል።

ሊነጋ ሲል ሴራሚክ አንጣፊዎቹ መጡ፣
ሙጫቸውን በጥብጠው ከወዲያኛው ጥግ ጀመሩ።
ቀዩ መስመር ሳይሸፈን
ጫማዬን አውልቄ እግሬን በጉብጠቱ ላይ ለካሁ።
በአንድ ጣት ይበልጠኛል።
ወይም ጅማቱ ይሆናል ያሰፋው።